ሲስተሙ አያውቃቸውም

ሐዋሳ ላይ አድራሻ የሚነገረው በሌለ ነገር ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ «ወዴት ነው?» ስትባሉ የምትጠሩት ሆቴል ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ሱቁ ሦስት ባለቤት ቀይሯል፣ ዋርካው ተቆርጧል፣ መሥሪያ ቤቱም ወንበርና ጠረጴዛውን በአይሱዙ ጭኖ ሌላ ከተማ ገብቷል። ባለባጃጁ ግን ምንም ሳይጠይቅ ያደርሳችኋል። አንድ ቀን አንዱን ጎረምሳ «ክልል ቢሮ ጋ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «የድሮው ነው የአሁኑ?» አለኝ። ዕድሜው ሃያ አይሞላም። «የድሮው» አልኩት። ወሰደኝ። በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ ሌላ ይላል፤ እኔም ልጁም ግን በደንብ ተግባብተናል።

ይኼ እንግዲህ የሰው ልጅ ጸጋ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይኼ ጸጋ ስላልተሰጠው ፍጡር ነው፤ ስለ ኮምፒዩተር። እግረ መንገዴንም ስለ ራሴ ጥፋት።

እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ዘመዶቼ ሥራዬ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባቸውም። አክስቴ ሞባይሏ በተቆለፈ ቁጥር ትደውልልኛለች። አንድ አጎቴ ደግሞ «ፕሮግራም አለህ አሉ፣ በስንት ሰዓት ነው የምትቀርበው?» ብሎኝ ያውቃል። እናላችሁ፣ ከዓመታት በፊት ለአንድ የመንግሥት ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መዝገብ ሠራሁ። ማኅበሩን በስም አልጠራም፤ በሰው መሥሪያ ቤት ስም የራሴን ኃጢአት መናዘዝ አልፈልግም። አባሉ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ ሲቸግረው ይበደራል፣ ለጓደኛው ዋስ ይሆናል፤ ጡረታ ሲወጣ ለራሱ፣ ሲሞት ለወራሹ ገንዘቡ ይመለሳል። ሥራው ይኼው ነው።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት ኦብጀክት ኦሪየንትድ በሚባለው መንገድ ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ሐሳቡ የተወለደው ኖርዌይ ነው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኦስሎ ላይ ኦለ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሲሙላ የሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ሠርተው፣ በሲሙላ 67 ላይ «ክላስ» የሚሉትን ነገር ለዓለም አስተዋወቁ። ክላስ ማለት ባዶ ቅጽ ነው በሉት። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ደመወዝ፣ ቁጠባ እያለ ክፍት ቦታው ተሰምሮ የተቀመጠ። ኦብጀክት ማለት በአንድ ሰው ስም የተሞላው ቅጽ ነው። ቅጹ አንድ፣ የተሞላው ሺህ። ደግሞ ከቅጽ ቅጽ ይወለዳል፤ «አባል» የሚል እናት ቅጽ ታዘጋጁና ከሥሯ «የሲዳማ አባል»፣ «የደቡብ አባል»፣ «የፌዴራል አባል» የሚባሉ ልጆች ታወጣላችሁ። የእያንዳንዱ ደመወዝ የሚመጣበት ቋት ይለያላ!

ሪፈረንስ የሚባለውን ደግሞ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ፋይል ላይ «የፋይል ቁጥር እንዲህን ይመልከቱ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍ የለ? እሱ ነው። መከራው የሚመጣው «ይመልከቱ» የተባለው ፋይል ከመደርደሪያው ተነሥቶ፣ ቀዩ ጽሑፍ እዚያው ሲቀር ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትቼ ቅደም ተከተሉን ብቻ ላስታውሳችሁ። በኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ በሰኔ 2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በኅዳር 2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ። በነሐሴ 2015 የቀረው ለሁለት ተከፈለ፤ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» የሚባለው፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ላይ ከዘጠኙ ክልሎች አንዱ ሆኖ የተዘረዘረው ስም፣ ከሥራ ተሰናበተ። ለነገሩ እሱም ሲወለድ ሌሎችን ውጦ ነው። በ1984 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 7 ሲወጣ አገሩ በ14 ክልል ተከፍሎ ነበር፤ ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ተዋሕደው ነው ደቡብ የሆኑት። ከዚያ በፊት ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ ደብዳቤ ሲጽፍ «ሲዳሞ፣ አዋሳ» ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ ደብዳቤውም ይደርስ ነበር።

በ2016 መግቢያ ላይ ሐዋሳ የነበረውን ግርግር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የደቡብ ክልል ሠራተኛ ለሁለት እየተመደበ ገሚሱ ወደ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላና ጂንካ፣ ገሚሱ ወደ ሆሳዕና፣ ወራቤ፣ ቡታጅራና ወልቂጤ። ልጅ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ የነበረው፣ ቤት ጀምሮ ያልጨረሰው፣ ሚስቱ ሌላ መሥሪያ ቤት የምትሠራው… የማኅበሩ አባላት በአንድ ወር ውስጥ እንደ ዘር ተበተኑ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «በል እንግዲህ፣ ደቡብን አጥፋና አዲሶቹን አስገባ» አለኝ። አጥፋ ማለት ቀላል ነው። ማጥፋቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ «የደቡብ አባል» የሚለውን ክላስ ሠረዝኩት። ወዲያው ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን አንብቦ ስህተት የሚለቅም ፕሮግራም ነው) መጮኽ ጀመረ። እዚህ መስመር ላይ የጠራኸው ክላስ የለም፣ እዚህም የለም፣ እዚያም የለም። 43 ቦታ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ 43ቱንም አስተካክዬ፣ ኮምፓይለሩ ጸጥ ብሎ፣ አሞራ ገደል በኩል ነፋስ እየተቀበልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ፕሮግራሙ ተጫነ። ሠራ። ኅዳርም ሠራ። ሥራ አስኪያጁም አመሰገነኝ።

የካቲት ላይ ማኅበሩ ጋ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ፕሪንተር ተበላሽቶባቸው። (ፕሮግራመር ነኝ ብያችኋለሁ አይደል?) ተንበርክኬ ወረቀት ሳወጣ ከመስኮቱ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

«እናቴ፣ ሲስተሙ አያውቃቸውም» ትላለች የመስኮቷ ልጅ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ደክሟታል እንጂ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ሠላሳ አንድ ዓመት።»

ቀና ብዬ አየሁ። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው የለበሱ፣ በስስ ፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት የያዙ እናት ናቸው። ባለቤታቸው የእርሻ ባለሙያ ነበሩ፤ በሰኔ 2015 አርፈዋል። እሳቸው ልጃቸው ጋ ሶዶ ገብተዋል። የባላቸውን ቁጠባ ለመውሰድ ከሶዶ በሚኒባስ ሲመጡ ይኼ ሦስተኛቸው ነው። መጀመሪያ የመጡ ዕለት «ሲስተም የለም» ተባሉ። ሁለተኛው ጊዜ ሲስተም ነበር፣ ባላቸው ግን አልነበሩም። «ምናልባት በሌላ ስም ተመዝግበው ይሆናል፣ ያጣሩ» ተብለው ተመለሱ። ሦስተኛው ይኼው ነው። ፌስታሉን ፈተው የቁጠባውን ደብተር አሳዩኝ። የየወሩ ተቆራጭ በእጅ ተጽፎ፣ በማኅተም ተመቶ፣ ማኅተሙ ላይ «ደ/ብ/ብ/ሕ/ክ/መ» ይላል።

ያቺን ማኅተም ሳይ ሆዴ ቀዘቀዘ። ገባኝ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገ ይምጡልኝ» አልኳቸው።

«ነገ ስንተኛው ነገ ነው ልጄ?» አሉኝ። ስድብ አልነበረም፤ በእርግጥም የሚኒባሱን ሒሳብ እያሰሉ ነበር። ዘመድ ቤት ሊያድሩ ተስማማን።

የዚያን ሌሊት ያደረግኩትን ነገር ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። የጠፋን ነገር መፈለግ ሁላችንም እናውቃለን። ያጠፋችሁትን ነገር ጥላ መፈለግ ግን የተለየ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ «ጥቅምት የተሠረዘ ክላስ እንዴት ታኅሣሥ ድረስ ማንንም ሳያስቸግር ቆየ?» የሚል ነው። መልሱ አሳፋሪ ነው። እኛ የምንጽፈው ጽሑፍ ሌላ፣ ማሽኑ የሚያነበው የተፈጨው ፋይል ሌላ ነው። እኔ የሠረዝኩት ጽሑፉን ነው። አሮጌው ሰርቨር ላይ የተፈጨው ፋይል አቃፊው ውስጥ ተጋድሞ ነበር፤ እኔ ደግሞ አዲሱን ከላዩ ላይ ጫንኩበት እንጂ አቃፊውን አላጸዳሁም። ስለዚህ ፕሮግራሙ «የደቡብ አባል!» ብሎ ሲጣራ፣ ሟቹ «አቤት!» እያለ ሁለት ወር ሙሉ ሲመልስ ከረመ። ደመወዝ ሲበሉ የተገኙ ሙታን በወሬ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ይኼ የእነሱ ዘመድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ማኅበሩ አዲስ ሰርቨር ሲገዛ ንጹሑን ፕሮግራም ብቻ ወሰድኩ። ሟቹ ያን ዕለት በእውነት ሞተ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ኮምፓይለሩ 43ቱን ካገኘ ሌላውን ለምን አጣው?» ነው። ኮምፓይለር የሚያየው በፕሮግራሙ ቋንቋ የተጻፈውን ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ግን እያንዳንዱ አባል መዝገብ ላይ «ዓይነት» የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ የክላሱ ስም እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ መዝገቡን ሲያነብ ያንን ጽሑፍ አይቶ በስሙ ክላሱን ይጠራል። ሪፍሌክሽን ይሉታል። ለኮምፓይለሩ ያ ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ቃል ነው፤ «ደቡብ» ቢል «ድንች» ቢል አይገደውም። እርግጥ መዝገቦቹን ወደ አዲሶቹ ክልሎች የሚያዛውር ትእዛዝ ያኔ ጽፌያለሁ። ከፍቼ አየሁት። «ሁኔታው ንቁ የሆነውን ሁሉ» ይላል። ንቁ! ጡረታ የወጣው፣ የታመመው፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወሰደው፣ የሞተው… ንቁ አይደለማ። የፈረሰው ክልል ስም ላይ ተንጠልጥለው የቀሩት ለራሳቸው መሮጥ የማይችሉት ብቻ ነበሩ። 38 ሰው።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ፕሮግራሙ ክላሱን ሲያጣ ለምን አልጮኸም? ጃቫ እኮ ጨዋ ቋንቋ ነው፤ ክላስ ሲያጣ «አልተገኘም» ብሎ አገር ይያዝልኝ ይላል። ጩኸቱን ያፈነው ማን ነው? ፍለጋዬን ቀጥዬ አንድ ቦታ ላይ ደረስኩ። ስህተት ከተፈጠረ ያዘው የሚል መስመር አለ፤ ከያዝከው በኋላ ምን እንደምታደርግ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ያዝ፣ ዝም በል፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። ከጎኑ የእኔ ስም የመጀመሪያ ፊደል እና ቀን አለ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የተበላሸ መዝገብ ሪፖርቴን እያቆመ ሲያስቸግረኝ «ለጊዜው» ብዬ የጻፍኩት ነው። ለጊዜው የተባለ ነገር በዚህ አገር ስንት ዓመት እንደሚኖር እኔ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ማሽኑ ሰውየውን ያጣቸው አልመሰለኝም። አግኝቷቸዋል፣ በምን ስም እንደሚጠራቸው አጥቷል፣ እኔም አስቀድሜ «ስታጣ ዝም በል» ብዬዋለሁ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ያየችው የእኔን ዝምታ ነው።

በነጋታው ጠዋት ሴትዮዋን አላስጠበቅናቸውም። መዝገቡን በእጅ አውጥተን፣ ከደብተሩ ጋር አመሳክረን፣ ሒሳብ ሹሙ ፈረመ። ያም ሆኖ ሦስት ጉዞ፣ ሦስት ምሳ፣ አንድ ሌሊት በዘመድ ቤት። ያንን የሚመልስ ትእዛዝ የለኝም።

የቀሩት 37ቱስ? ደግሞስ ከመዝገቡ ውጪ «ደቡብ» የት የት ተደብቋል? አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፤ ፈጣን ነው። «ጋሼ ምን ያደክምሃል? ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ!» አለኝ። ፈልግና ተካ። ሊጫነው ሲል እጁን ያዝኩት። ደቡብን በአዲስ ስም ልተካ ብትሉ «ደቡብ ኢትዮጵያ» ውስጥ ደቡብ አለ፤ «ደቡብ ምዕራብ» ውስጥ አለ፤ ደቡብ ኦሞ አለ፤ ትውልድ ቦታቸው ደቡብ ወሎና ደቡብ ጎንደር የሆኑ አባላት አሉ። ያቺን ቁልፍ ብንጫናት ደሴ የተወለደውን ሁሉ ጂንካ አስገብተነው ነበር።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ግዕዝ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ተገቢም ነው። ግን ጸሐፊዎቻችን በተመቻቸው ይጽፋሉ። እስኪ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚለውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሔ በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ ሁለተኛውም በሦስት፤ ሰ በሁለት፤ ሕ በሦስት። ሲባዛ 54 ነው። አንድ ስም፣ 54 አጻጻፍ፤ ለማሽኑ ደግሞ 54 የተለያየ ነገር። የከተማችንን ስም ብቻ አዋሳ፣ ዐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ ተብሎ አግኝቼዋለሁ፤ አንዱ ላይ እንዲያውም ሁለቱ በአንድ ገጽ። መጀመሪያ ፊደሎቹን ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነው ፍለጋውን የቀጠልኩት። የእንግሊዝኛው አይሻልም፤ በምሕፃረ ቃል፣ በሙሉ ስም፣ ደቡብ የሚለውን በላቲን ፊደል፣ እንደ መኪናው ታርጋ «ደሕ» ብሎም የጻፈ ነበር።

ከሁሉ የባሰው የደብዳቤዎቹ ናሙና ነው። የተጻፉት ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች ነው። የዚያን ዘመን ፊደል ዓይናችሁ አማርኛ አድርጎ ያየዋል፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ነው። «ደቡብ» ብላችሁ ብትፈልጉ ዓለም እስኪያልፍ አታገኙትም። እነሱን አንድ በአንድ ከፍቼ በዓይኔ አነበብኩ። ከዋስትና ደብዳቤው ግርጌ በትንሽ ፊደል ስሙ ቁጭ ብሏል።

በዚህ ጉዳይ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ላጽናናችሁ፤ ይልቁንም ራሴን ላጽናና። በነሐሴ 1 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን አሻሻጭ ኩባንያ አዲስ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ ለመጫን ወስኖ በሰባቱ ላይ ተጫነ፤ ስምንተኛው ተረሳ። ስምንተኛው ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ አሮጌ ፕሮግራም ተኝቶ ነበር። አዲሱን እንዲቀሰቅስ የተመደበው ምልክት ደግሞ ድሮ አሮጌውን ይቀሰቅስ የነበረው ራሱ ነው። ገበያው ተከፈተ፣ ሟቹ ተነሣ፣ ያለማቋረጥ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ኩባንያው ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። ሶቪየት ኅብረትም በ1991 (እ.ኤ.አ.) ፈርሳ ሳለ የኢንተርኔት አድራሻዋ፣ «ነጥብ ኤስዩ» የሚባለው፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈም በኋላ ሲመዘገብበት ነበር። እኔማ በምን ዕድሌ!

የራሴንም ልጨምር። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ስሙ ተቀይሮ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ላለ ሥራ በኢንተርኔት ሳመለክት «የተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ ከዝርዝሩ ይምረጡ» አለኝ። ዝርዝሩ ውስጥ የእኔ የለም። ሐዋሳን መረጥኩ። ቀጥሎ «በዲፕሎማው ላይ ካለው ስም ጋር አይመሳሰልም» ብሎ መለሰኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር የዘጋሁት። ስልቹ ጎረምሳ ነበርኩ፤ የሚኒባስ ሒሳብ አልከፈልኩም።

ሥራውን ልጨርስ ስል አንድ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። 38ቱን መዝገቦች ወደ የትኛው ክላስ ላዛውራቸው? ሒሳብ ሹሙ «አሁን በሚኖሩበት አድርገው፤ የእትዬን ባል ደቡብ ኢትዮጵያ በላቸው፤ ሚስታቸው ሶዶ አይደሉ?» አለ። ሰውየው ግን የሞቱት በሰኔ ነው፤ ደቡብ ኢትዮጵያ የተመሠረተው በነሐሴ። አንድም ቀን አልሠሩለትም፣ አንድም ብር ከሱ ደመወዝ አልተቆረጠላቸውም። ደግሞ ትውልዳቸው ሀላባ ነው፤ በትውልድ ከሄድን ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ይሆናሉ። የሠሩት ሐዋሳ፤ በዚያ ከሄድን ሲዳማ። ሦስቱም መልስ ሪፖርት ላይ ያምራል። ሦስቱም ውሸት ነው።

ለእትዬ ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ክልላቸው ማን ይባልልዎት?»

«እሱ ደቡብ እያለ ነው የሠራው፤ ደቡብ እያለ ነው የሞተው። ምነው፣ ገንዘቡን መልሺ ልትሉኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንግዲያ ምን አስጨነቀህ?» ብለው ዘጉት።

የሠረዝኩትን ክላስ መልሼ ጻፍኩት። ድሮ ወደ ሁለት መቶ መስመር ነበር፤ አሁን አሥር አይሞላም። አዲስ አባል አይቀበልም፣ ተቆራጭ አያሰላም፣ ብድር አያጸድቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በስሙ የተመዘገቡት እነማን እንደነበሩ እና ገንዘባቸው ስንት እንደሆነ። በሙያችን እንዲህ ያለውን የመቃብር ድንጋይ ይሉታል፤ ቀልዴን አይደለም፣ ቃሉ ይኼው ነው። ፈጣኑ ልጅ አልወደደውም። «አጥፋ ተብለህ መልሰህ ሠራኸው እኮ» አለኝ። ሥራ አስኪያጁም ሪፖርቱ ላይ የፈረሰ ክልል ስም ሲያይ ቅር እንደሚለው ነግሮኛል። «የበላይ ቢያይስ?» ይላል። የበላይ ካየ እንዲጠራኝ አመልክቻለሁ። ያቺን ባዶ የነበረች «ዝም በል» የምትል መስመር ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ቀይሬያታለሁ፤ አሁን ክላስ ስታጣ የሰውየውን ስምና ስልክ አውጥታ በየማለዳው ለሒሳብ ክፍሉ ትልካለች።

ከ38ቱ 35ቱን አግኝተናል። በስልክ፣ በዘመድ፣ በዕድር፣ አንዱንማ ዓሣ ገበያ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ጡረታ ወጥቶ ከሐዋሳ ንቅንቅ አላለም፤ እኛ ግን ሆሳዕና ሄዷል ብለን ነበር። ዘጠኙ ለሌላ ሰው ዋስ ሆነው የተገኙ ናቸው፤ የእነሱን ፋይል መፍታት ብቻውን አንድ ወር ፈጅቷል፤ ዝርዝሩን ብነግራችሁ ትሰለቻላችሁ።

ሦስት ቀርተዋል። የአንዷ ስልክ አገልግሎት አይሰጥም። የሁለተኛው ይጠራል፣ የሚያነሣው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል። ልጁን ሦስቴ ደውዬለት አሁን ድምፄን ለይቶታል፤ «ጋሼ፣ አሁንም እኔ ነኝ» ይለኛል። ሦስተኛው ጂንካ ገብቷል የሚባል ወሬ አለ። ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ለሚሄድ ሹፌር ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። ስልክም የቤት ቁጥርም ስለሌለኝ ፖስታው ላይ አንድ የድሮ ባልደረባው የነገረኝን ነው የጻፍኩት፦ ድሮ ግምጃ ቤት ከነበረው ፊት ለፊት፣ ግራር ከነበረበት ጎን። ሹፌሩ አንብቦ ኪሱ ከተተው። «አውቀዋለሁ» አለ።